ትኩሳቱ የጀመረው መቼ ነው? የደንጊ የደም ምርመራና የቀን ቆጠራው

ሰው ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሲሄድ ደም ይሰጣል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱ ላይ «ኔጌቲቭ» የሚል ካየ «በቃ፣ ይሄ በሽታ የለብኝም» ብሎ ይወጣል። ለብዙ በሽታዎች ይህ አካሄድ ብዙም አያሳስትም። ለደንጊ ግን ያሳስታል፤ አንዳንዴም ሰው ይጎዳበታል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምረው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት አለች እንበል፤ ስሟንም ፋጡማ እንበላት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢዋ ውስጥ ሁለት በርሜልና ጥቂት ጀሪካን አይጠፋም። ሰኞ ማታ ድንገት ያንቀጠቅጣታል። ሌሊቱን ትኩሳቷ ይብሳል፣ ከዓይኖቿ ጀርባ ይወጋታል፣ ወገቧንና መገጣጠሚያዎቿን ይቆረጣጥማታል። ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ትሄዳለች። ወባ ትመረመራለች፤ የለም። ለደንጊም በፈጣን መመርመሪያ ይታይላት ይባላል፤ ክሊኒኩ ያለው መመርመሪያ አንቲቦዲ ብቻ የሚያይ ዓይነት ነው። እሱም ኔጌቲቭ። «እንግዲህ ታይፎይድ ይሆናል» ትባልና መድኃኒቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ፋጡማ ግን ደንጊ ይዟታል። መመርመሪያው ደህና ነው፤ ባለሙያውም ሥራውን በሥርዓቱ ሠርቷል። ችግሩ ቀኑ ነው። በሕመሟ ሁለተኛ ቀን፣ ሰውነቷ ገና ያልሠራውን ነገር ደሟ ውስጥ ሲፈልጉ ነበር።

ደም ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው?

ደንጊን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባል ትንኝ ስትሆን በአብዛኛው ቀን ቀን ነው የምትነክሰው። ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ አሮጌ ጎማ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የቆየ ንጹህ ውሃ ይበቃታል። ከንክሻው በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ይወስዳል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ «ደንጊ ተመረመረ» ሲባል ግን አንድ ምርመራ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊፈለጉ ይችላሉ።

አንደኛው ራሱ ቫይረሱ ነው። በኮቪድ ጊዜ ስሙን ሁሉም ሰው የለመደው ፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት አባዝቶ ያሳያል። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረሶች ስላሉት የትኛው እንደያዘን መለየትም ይችላል። ችግሩ ማሽን፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሠለጠነ ሰውና ቅዝቃዜው ሳይጠፋ የሚጓጓዝ ናሙና ይፈልጋል። ስለዚህ የሰፈር ክሊኒክ ውስጥ አይገኝም።

ሁለተኛው ኤንኤስ ዋን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ የገባባቸው ሕዋሳት ይህን ፕሮቲን እየሠሩ ወደ ደም ይለቁታል። ጥሩነቱ የእርግዝና መመርመሪያ በምትመስል ትንሽ ፕላስቲክ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊታይ መቻሉ ነው።

ሦስተኛው አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፦ ቶሎ የሚመጣውና ከጥቂት ወራት በኋላ የሚጠፋው አይጂኤም፣ ዘግየት ብሎ መጥቶ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ የሚቆየው አይጂጂ።

ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሌባውን ዱካ ይፈልጋሉ። ሦስተኛው የሚፈልገው ጎረቤት ሰምቶ ዱላ ይዞ መውጣቱን ነው። ጎረቤት ደግሞ ከእንቅልፉ እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል።

ቀኑን እንቁጠር

ትኩሳቱ የጀመረበትን ዕለት አንደኛ ቀን እንበለው። ቫይረሱ ደም ውስጥ መገኘት የሚጀምረው ሰውየው ገና ሳያመው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ነው። ትኩሳቱ ከጀመረ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ ይቆይና ይቀንሳል። ኤንኤስ ዋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሳምንት ያህል ይታያል። እንግዲህ ፋጡማ ማክሰኞ ጠዋት ስትሄድ ፒሲአር ወይም ኤንኤስ ዋን ቢደረግላት ኖሮ የመያዝ ዕድሉ ትልቅ ነበር።

አንቲቦዲውስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ አይጂኤም የሚታየው ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ነው። በአምስተኛው ቀን 80 በመቶ ይደርሳል፤ በአሥረኛው ቀን 99 በመቶ። በሁለተኛው ቀን አይጂኤም መፈለግ ማለት እንግዲህ ሰኞ የተዘራ ጤፍ ማክሰኞ በቀለ ወይ ብሎ እንደማየት ነው። ባይበቅል አልተዘራም ማለት አይደለም።

በተቃራኒውም ይሠራል። አንድ ሰው በዘጠነኛው ቀን መጥቶ ፒሲአር ወይም ኤንኤስ ዋን ብቻ ቢደረግለት፣ ቫይረሱ ጠፍቶ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። ለእሱ ትክክለኛው ምርመራ አይጂኤም ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን አካባቢ አንዱ እየጠፋ ሌላው ገና እየመጣ ስለሆነ፣ ኤንኤስ ዋንንና አንቲቦዲን አንድ ላይ የሚያዩ መመርመሪያዎች ሲገኙ የተሻሉ ናቸው።

ስለዚህ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ሕመሙ የጀመረበት ቀን» የምትለው ባዶ ቦታ ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። ተማሪዎቼን ብዙ ጊዜ የምቆጣቸው በዚች ቦታ ነው። ሳትሞላ ስትመጣ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ውጤቱን በትክክል የሚያነበው ሰው የለም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲይዝ

አሁን ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረሶች አሉት ብለናል። በአንዱ የታመመ ሰው ለዚያኛው ዓይነት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መከላከያ ያገኛል፤ ለሦስቱ ግን የሚያገኘው መከላከያ ከወራት በኋላ ይዳከማል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ሲይዘው፣ የድሮዎቹ አንቲቦዲዎች አዲሱን ቫይረስ ይይዙታል እንጂ አይገድሉትም። ግማሹን ብቻ የሚገጥም ቁልፍ በሉት። ይባስ ብሎ ቫይረሱን ተሸክመው ወደ መከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ያስገቡታል፤ እዚያም ይራባል። ከባድ ደንጊ በሁለተኛው ጊዜ የሚበዛው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል።

ይህ ምርመራውንም ይነካል። ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ደም የድሮውን ያስታውሳልና አይጂጂ በጥቂት ቀናት ውስጥ በከፍተኛ መጠን ይወጣል። አይጂኤም ግን አነስተኛ ይሆናል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። ኤንኤስ ዋንም ቢሆን የድሮው አንቲቦዲ ስለሚይዘው ቶሎ ይጠፋል። አያሳዝንም? ይበልጥ አደጋ ላይ ያለው ሰው በምርመራ ለመያዝ ይበልጥ ያስቸግራል።

እርግጠኛ ለመሆን የሚያስችለው አሮጌ ግን አስተማማኝ መንገድ ሁለት ጊዜ ደም መውሰድ ነው፦ አንዱ ሕመሙ እንደጀመረ፣ ሌላው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ። በሁለተኛው ላይ የአንቲቦዲው መጠን አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ካደገ፣ በሽታው የአሁን እንጂ የድሮ እንዳልሆነ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ አይጂጂ ግን ሰውየው ባለፈው ሳምንት ይታመም ወይ ከአሥር ዓመት በፊት ጅዳ ሲሠራ ይያዝ አይነግረንም።

«ፖዘቲቭ»ም ይዋሻል

የደንጊ ቫይረስ ዘመዶች አሉት። ቢጫ ወባ፣ ዚካና ዌስት ናይል የሚባሉት ቫይረሶች ከአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ መልካቸው ይመሳሰላል። አንቲቦዲ ደግሞ የሚያውቀው በመልክ ነው። ስለዚህ የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰው፣ ለጉዞም ይሁን በዘመቻ፣ በደንጊ የአንቲቦዲ ምርመራ ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። እኛ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ በዓለም ላይ ከታዩት እጅግ ከባድ የቢጫ ወባ ወረርሽኞች አንዱ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም ደቡብ ኦሞ ላይ ተመልሶ ታይቷል።

እግረ መንገዴን፦ ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳል የሚባለው ምርመራም የአንቲቦዲ ምርመራ ነው፤ ተመሳሳይ በሽታም አለበት። አገራችን ውስጥ ትኩሳት ኖሮት ዊዳል ተሠርቶለት «ታይፎይድ አለብህ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ የታየ ዊዳል ብዙም አያስኬድም። የሰውነት ትዝታን ከአሁን በሽታ ጋር ያቀላቅላል፤ ታማሚውም የማይጠቅመውን አንቲባዮቲክ ይውጣል፣ እውነተኛው ምክንያት ደግሞ ሳይታይ ይቀራል።

ሌላው ፖዘቲቭን የሚወስነው ነገር በሰፈሩ ውስጥ ያለው የበሽታው ብዛት ነው። ለሒሳቡ ያህል ብቻ፣ ከመቶ ታማሚዎች 80ውን የሚይዝ፣ ከመቶ ጤነኞች ደግሞ 10ሩን በስህተት ፖዘቲቭ የሚል መመርመሪያ አለን እንበል። ወረርሽኝ ባለበት ሰፈር ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1000 ሰዎች ግማሾቹ ደንጊ ቢኖርባቸው፣ 400 ትክክለኛና 50 የስህተት ፖዘቲቭ እናገኛለን። ደህና ነው። ደንጊ ያለባቸው 20 ብቻ በሆኑበት ጊዜና ቦታ ግን 16 ትክክለኛና 98 የስህተት ፖዘቲቭ ይወጣል። ያው መመርመሪያ፣ ያው ባለሙያ፤ ግን ከሰባት ፖዘቲቮች ስድስቱ ውሸት ናቸው። በወረርሽኙ ጊዜም ቢሆን ኔጌቲቭ ከተባሉት 550 ሰዎች ውስጥ 100ዎቹ ደንጊ አለባቸው።

ድሬዳዋ ይህን በተግባር አይታዋለች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 2013) በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የተነሳው እዚያ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይም ታየ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በዚያችው ትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የድሬዳዋ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ ጣለ። የሁለቱ ምልክት መጀመሪያ ላይ በጣም ይመሳሰላል፤ ቺኩንጉንያ መገጣጠሚያን ይበልጥ ያሠቃያል እንጂ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። በዚህ ላይ ከእስያ የመጣችውና በርሜል ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ከተማዋ ውስጥ ገብታለች። እናም ደንጊ መጣ ተብሎ የወባ ምርመራ አይቀርም። ሁለቱ ትንኞች አንድ በርሜል ሊጋሩ ይችላሉ።

ሳይመረመር የተሰጠ ክትባት

የአሮጌ አንቲቦዲ ምርመራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳየው የፊሊፒንስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት ዴንግቫክሲያ የተባለውን የመጀመሪያውን የደንጊ ክትባት በትምህርት ቤቶች በኩል መስጠት ጀመረ፤ ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ወሰዱት። በኅዳር ወር 2017 አምራቹ ሳኖፊ አንድ መግለጫ አወጣ፦ ክትባቱ ከዚህ በፊት ደንጊ ይዟቸው የሚያውቁትን ይጠቅማል፤ ይዟቸው የማያውቁትን ግን በኋላ ሲያዙ በከባዱ የመታመም ዕድላቸውን ይጨምራል። ክትባቱ ለሰውነታቸው እንደ መጀመሪያው ደንጊ ሆኖ ተቆጠረ፤ የሚቀጥለው እውነተኛው ደግሞ እንደ ሁለተኛው።

አገሩ ተናወጠ። ዘመቻው ቆመ፤ ወላጆችም ከዚህ ክትባት አልፈው ሌሎቹን ክትባቶች ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ።

እዚህ ጋ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ ይህን እንዴት አወቁት? በሙከራው ጊዜ ከአብዛኞቹ ልጆች ከክትባቱ በፊት ደም አልተወሰደም ነበር። ከክትባቱ በኋላ የተወሰደ ደም ነበራቸው፤ ግን የተከተበ ልጅ ሁሉ የደንጊ አንቲቦዲ አለው። ታዲያ የክትባቱን ከበሽታው እንዴት ይለዩት? መፍትሔው የመጣው ከኤንኤስ ዋን ነው። ዴንግቫክሲያ የተሠራው የቢጫ ወባ ክትባት ቫይረስን የውጭ ልብስ በደንጊ ልብስ በመቀየር ነው፤ ውስጡ፣ ኤንኤስ ዋንን ጨምሮ፣ የቢጫ ወባ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የደንጊን ኤንኤስ ዋን የሚያውቅ አንቲቦዲ ያለው ልጅ በአብዛኛው እውነተኛው ደንጊ የያዘው ነው። በዚህ ብልሃት የቆየውን ደም አውጥተው መርምረው ልጆቹን በሁለት ከፈሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ክትባት ከመስጠት በፊት የደም ምርመራ እንዲደረግ መከረ።

አርብ

ወደ ፋጡማ እንመለስ። አርብ ጠዋት ትኩሳቷ ይወርዳል። ቤተሰቡ «እሰይ፣ ለቀቃት» ይላል። በብዙዎቹ ላይ እውነት ነው፤ አብዛኛው የደንጊ ታማሚ በዚሁ ይድናል። ጥቂቶቹ ላይ ግን አደጋው የሚጀምረው ልክ እዚህ ላይ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ። የደሙ ውሃማ ክፍል ወደ ሆድና ወደ ደረት ይሾልካል፤ የቀረው ደም ይወፍራል፤ የደም ግፊት ይወድቃል። ይህ የሚቆየው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ፈሳሽ በትክክለኛው መጠን የሚሰጥና የሚከታተል ሰው ካለ የሚሞቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

እናም በእነዚህ ቀናት ትልቁ ምርመራ ሌላ ነው፤ ስሙም ደንጊ አይደለም። ሲቢሲ የሚባለው፣ ጤና ጣቢያዎችም ጭምር ሊሠሩት የሚችሉት ተራ የደም ቆጠራ ነው። ሐኪሙ ሁለት ቁጥሮችን ያያል። አንዱ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ናቸው፤ ከ100 ሺህ በታች እየወረዱ ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላው ሄማቶክሪት ነው፤ ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ፕላትሌት እየወረደ ሄማቶክሪት ከነበረበት በ20 በመቶ ካደገ ደሙ ውሃውን እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ሄማቶክሪት ይህን አያሳይም፤ መደጋገም አለበት። የማክሰኞው ቁጥር ወረቀት ላይ ካለ የአርቡ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣሉ።

ደንጊ የተጠረጠረ ሰው መመርመሪያው ኔጌቲቭ ቢልም እንኳ እንደ ደንጊ መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይወሰዳል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን መድማትን ስለሚያባብሱ አይወሰዱም። በተለይ «ቶሎ ያሽለኛል» ተብሎ የሚወጋው የዲክሎፌናክ መርፌ ሁለት ጉዳት አለው፦ መድኃኒቱ ራሱና ፕላትሌት ባነሰበት ሰው ጡንቻ ላይ የሚገባው መርፌ። ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ ከታየ ሌላ ምርመራ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ነው።

ፋጡማ ዕድለኛ ናት እንበል። አርብ ተመልሳ ሄደች፣ ደሟ ተቆጠረ፣ ሁለት ቀን ጉሉኮስ ተሰቅሎላት ክትትል ተደረገላትና ዳነች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቁጥጥር ስትመጣ አንዲት ነርስ ድጋሚ ደም ትጠይቃታለች። «ድኛለሁ እኮ፣ አሁን ደግሞ ለምን?» ትላለች። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ ለእሷ ሕክምና ይህ ደም ምንም አይጨምርም። አይጂኤም ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ናሙናው ለማረጋገጫ ይላካል፣ ሳቢያን ላይ ደንጊ መኖሩ ይታወቃል። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የበርሜሎቹን ክዳን ማየት ይጀምራሉ።